በእናቴ ወገን ወንድ ልጅ ሲገረዝ ደሙ አይቆምም፤ እህቴ ደግሞ ሰባት ወሯ ነው

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው።

ትውልዴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ወጣ ብሎ ነው። እንጀራዬ አዲስ አበባ ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ከእናቴ ጋር ምድጃ ዳር እያወራን ሳለ አንድ ነገር አመለጣት። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ እንደነበር አውቃለሁ። «በሕፃንነቱ ሞተ» ሲባል ነው የሰማሁት። ለካ የሞተው በተገረዘ ማግስት ነው። ደሙ አልቆም ብሎ። ጨርቅ ሲቀይሩለት አድረው ሊነጋጋ ሲል አለፈ።

እሱ ብቻ ቢሆን እንጃ። የእናቴ ሁለት ወንድሞችም እንዲሁ ነው ያለቁት። አንዱ በስምንተኛ ቀኑ ሲገረዝ። ሌላው ሰባት ዓመት ሆኖት ጥርሱ ተነቅሎ። አያቴ «ቡዳ በላብኝ» ብላ መንደር ቀይራለች። ነገሩ ግን አብሯት ሄደ።

አሁን ጭንቀቴ እህቴ ናት። ደብረ ማርቆስ አግብታለች። ሰባት ወሯ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ምንም አታውቅም። እናቴ ደግሞ «ለእሷም ለባሏም ትንፍሽ እንዳትል፤ ትዳሯን ታፈርሳለህ» ብላ አስምላኛለች።

እንዲህ ያለ በሽታ አለ? ካለ እኔ እንዴት ተረፍኩ? ተገርዣለሁ፣ ኳስ ስጫወት እጄ ተሰብሮ ያውቃል፣ ምንም አልሆንኩም። ደግሞስ መሐላዬን ላፍርስ?

ተጓዡ፦
ተከታተልኩ። እግዚአብሔር ይርዳህ ወንድሜ።

እውነቱን ልናገር፦
አትቀየመኝ። ይኼ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ የተጋቡ ሰዎች የሚያመጡት ጣጣ ነው። የዱሮ ሰዎች ዝም ብለው አይደለም ዘር ይቆጠር ያሉት።

የእነማይ ልጅ፦
አያቴ ዘር ስትቆጥር ብትሰማት ይኼን አትልም። ሰባት ቤት ቆጥራ ስምንተኛውን ለምርቃት ነው የምትጨምረው።

ላብራቶሪስቱ (ባሕር ዳር)፦
የእነማይ ልጅ፣ በጽሑፍ ምርመራ አይደረግም። ግን የነገርከን ነገር ሂሞፊሊያን በጣም ያስጠረጥራል። የሚሞቱት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ በእናት በኩል ነው።

ስንቆስል ደማችን የሚረጋው ተራ በተራ እየተቀባበሉ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ስላሉ ነው። ፋክተር ይባላሉ፤ ቁጥርም አላቸው። ፋክተር 8 ሲጎድል ሂሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጎድል ሂሞፊሊያ ቢ ይባላል። ኤ የሚገኘው ከ5000 ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ነው። ቢ ከዚያም ይብስ ብርቅ ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው አባትም እናትም አንድ ዓይነት ጉድለት ሲያወርሱ ለሚመጣ በሽታ ነው። ለዚህኛው የእናት ብቻ ይበቃዋል። ጉድለቱ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ የለውም። እናት ከሁለቱ አንዱን ለልጇ ትሰጣለች። የትኛው እንደሚደርሰው ጎፈር ወይስ ዘውድ ነው፣ ሳንቲም መወርወር።

አንተ ደህናው ደርሶሃል። ስለዚህ ከአንተ የሚወለዱት ከዚህ ነፃ ናቸው። እናትህ ግን፣ በሽታው ይኼው ከሆነ፣ ተሸካሚ ናቸው። እህትህ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። ተሸካሚ ሆና ወንድ ብትወልድ የእሱም ዕድል ግማሽ ነው። ስታባዛው፣ ወንድ ከሆነ ከአራት አንድ ማለት ነው። ቀላል ቁጥር አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በእናትህ ወገን በሕይወት ያለ፣ ቶሎ የሚበልዝ ወይም መገጣጠሚያው የሚያብጥ ወንድ ልጅ አለ? ካለ መንገዱ እሱ ነው። ነፍሰ ጡሯን ከመመርመር በፊት የታመመውን መመርመር ይቀላል።

የእነማይ ልጅ፦
ኧረ አለ! ይኼን ስትጠይቀኝ ነው የበራልኝ። የአክስቴ ልጅ፣ ደጀን ነው ያሉት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲገረዝ ሁለት ቀን ደምቶ በስንት ጠበል ተረፈ ሲሉ እሰማ ነበር። አሁን ቀኝ ጉልበቱ ያብጥና ወር ያስተኛዋል። «ወድቆ ነው» ይላሉ። ልጁ ሁልጊዜ ነው እንዴ የሚወድቀው? ወጌሻ ያሸዋል።

ጉልበተ ብርቱ፦
ወጌሻውን አስቁሙት። ዛሬውኑ ደውል። ሌላውን ከዚያ አንብብ።

ደወልክ? እሺ። ስሜን አይተህ አትሳቅ፤ በራሴ ላይ መቀለድ ልማዴ ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ሂሞፊሊያ ኤ፣ ከባዱ ዓይነት። ከባድ የሚባለው ፋክተሩ ከመቶ አንድ እጅ በታች ሲሆን ነው። ከ1 እስከ 5 ከሆነ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀላል ይሉታል። ቀላሉ ያለበት ሰው ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ጥገና እስኪገባ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል።

ሰው የሚያስበው ጣታችን ከተቆረጠ ደማችን እንደ ቧንቧ ተንዶልዱሎ የምንሞት ነው። አይደለም። ደማችን ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም። ሳይቆም መቆየቱ ነው ችግሩ። ትንሽ ጭረት እንደ ማንም ሰው ይደርቅልኛል። የሚጎዳን የማይታየው ደም ነው። ጉልበት ውስጥ፣ ክርን ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት ውስጥ። መጀመሪያ የሆነ መንዘር መንዘር ይላል። ከዚያ ይሞቃል። ከዚያ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርህም። ደሙ በተመላለሰ ቁጥር መገጣጠሚያውን ከውስጥ ይበላዋል።

ስድስት ዓመቴ ላይ ጉልበቴ አብጦ ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ለወለምታ ለውልቃት እጁ የተባረከ ነው። በቅቤ አሸኝ፣ ጎተተኝ። ማታ ጉልበቴ ቅል አክሎ አደረ። አሸኝ ማለት እኮ የሚደማውን ቦታ ጨመቀው ማለት ነው። እንዲህ እየሆነ ሰባት ስምንት ጊዜ ተመላለስኩ። ዛሬ ቀኝ እግሬ አይዘረጋም።

14 ዓመቴ ላይ አንድ ክሊኒክ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ዳሌዬ ላይ የዲክሎፌናክ መርፌ ወጋኝ። ለእኛ ይኼ ሁለት ጥፋት በአንድ ሲሪንጅ ነው። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ራሱ ያደማናል። ዲክሎፌናክ ደግሞ፣ እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ የደም መርጋትን የባሰ ያደክማል። ዳሌዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። ተሸክመው አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ስሙን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስሙን ሳውቅ እንዴት እንደተደሰትኩ ልነግርህ አልችልም። እብድ ትለኛለህ።

ለልጁ አሁን የምታደርጉለት፦ ጉልበቱ ባበጠ ሰዓት አሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ አድርጉለት፣ ላላ አድርጋችሁ አስሩለት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን፣ ደህና ቢመስልም፣ ጊዜ ሳትሰጡ ሆስፒታል።

እውነቱን ልናገር፦
መድኃኒት አለው ወይስ እንዲሁ ነው?

ጉልበተ ብርቱ፦
የሚያድን ሳይሆን የሚያቆይ አለ። የጎደለውን ፋክተር በደም ሥር ይሰጡሃል። ችግሩ ፋክተር 8 በግማሽ ቀን ውስጥ ግማሹ ከሰውነት ይጠፋል። ውድ ነው። አገራችን የሚገባው አብዛኛው የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን የሚለግሰው ነው። ኤሚሲዙማብ የሚባል አዲስ መድኃኒትም መጥቷል። ከቆዳ ሥር ነው የሚወጋው፤ በሳምንት ወይም እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ አንዴ። እሱ ለኤ ብቻ ነው። ፋክተር በሌለበት ቦታ ደግሞ ፕላዝማ ይሰጣሉ፤ ከምንም ይሻላል።

የዳንግላዋ እናት፦
እኔ ስለ መድኃኒቱ አልጽፍም። ስለ መሐላው ነው የምጽፈው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሂሞፊሊያ አለበት። ሲገረዝ ደማ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛን። አማቴ በሰው ፊት «ደም የሚያፈስ ማሕፀን» አለችኝ። ባሌ ሁለት ዓመት ጥሎኝ ሄደ። (ተመልሷል። ያ ሌላ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን።)

እሱ አይደለም ያንገበገበኝ። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «የእኔም ወንድም እንዲህ ነበር» አለችኝ። ታውቅ ነበር! ልጄን ለምላጭ አሳልፌ ስሰጥ፣ ገራዡ ሲመጣ፣ ቡና እያፈላች ታውቅ ነበር። ለእኔ ብላ ነው ዝም ያለችው። ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብላ። ይኸው ትዳሬም ፈረሰ፣ ልጄም ሊሞት ነበር። እናቴን ይቅር ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናትህ ክፉ ሆነው አይደለም። ሦስት ወንድ ቀብረዋል፤ የሚፈሩት ነገር ሞልቷቸዋል። ግን እህትህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ከሕፃኑ ደም እንዳትሰማው።

የእነማይ ልጅ፦
እህቴ፣ ይኼን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። አሁን ነው የተመለስኩት። እነግራታለሁ።

ከዋሸራ፦
የጎጃም የቅኔ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሕክምናው አላውቅም። ግን ሰው በልቡ የሚጠይቀውን ልመልስ፦ «ካልተገረዘ ምን ሊባል ነው?»

አፄ ገላውዴዎስ በ1555፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አለ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን «እናንተ የአይሁድ ሥርዓት ነው የያዛችሁት» ብለው ሲከሷቸው የመለሱት ነው። እዚያ ላይ ግዝረት ለእኛ የአገር ልማድ ነው ይላሉ። ፊትን እንደ መብጣት፣ ጆሮን እንደ መብሳት ዓይነት። የጳውሎስንም ቃል ይጠቅሳሉ፤ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም የሚለውን። ልጁ ክርስቲያን የሚሆነው በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ነው። ጥምቀት ደግሞ ምላጭ የለውም።

አይሁዶቹም ራሳቸው፣ ስምንተኛውን ቀን አጥብቀው የያዙት፣ ከጥንት ጀምሮ ያስቀመጡት ነገር አለ። ከአንዲት እናት ሁለት ልጆች ተገርዘው ከሞቱ ሦስተኛው አይገረዝ ብለዋል። የእኅትማማች ልጆችንም አንስተዋል። ክሮሞሶም ሳያውቁ በእናት በኩል እንደሚመጣ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። የሚገርም ነው። ለማንኛውም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለእናትህ ከእኛ ሁሉ የእሳቸው ቃል ይከብዳል።

ተጓዡ፦
የእንግሊዟ ቪክቶሪያም እኮ የዚሁ ተሸካሚ ነበረች። የቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን ወስደው ያቀረቡላት ንግሥት። አንዱ ልጇ ሊዮፖልድ በ1884 ወድቆ ደም ፈሶት ነው የሞተው። በሴት ልጆቿ በኩል ደግሞ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ድረስ ገባ። በ2009 ከሩሲያ ንጉሣውያኑ አፅም በተወሰደ ናሙና ተረጋግጧል፤ ዓይነቱ ቢ ነው። ጠንቋይ ቢሉ ጠንቋይ፣ ሐኪም ቢሉ ሐኪም ነበራቸው። ምንም አላመጡም።

እውነቱን ልናገር፦
እሺ፣ የሰባት ቤቱን ነገር ትቼዋለሁ። የአጎቴ ልጅ በበጋ አፍንጫው ይነስረዋል። እሱስ ይኼ ነው እንዴ?

ላብራቶሪስቱ (ባሕር ዳር)፦
አብዛኛው ነስር ይኼ አይደለም። ደረቅ አየርና ጣት ነው። ግማሽ ሰዓት ተጭነው የማይቆም ከሆነ፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ከሆነ፣ በእናቱ ወገን እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ግን አስመርምሩት። በነገራችን ላይ ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ በዘሩ ማንም የለበትም። ጉድለቱ አዲስ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ «በእኛ ዘር የለም» ብሎ መዝጋት አይቻልም።

የእነማይ ልጅ፣ ለአክስትህ ልጅ መጀመሪያ ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ይሠሩለት። ፒቲ እና ኤፒቲቲ ይባላሉ፤ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካሉ። ፒቲው ደህና ሆኖ ኤፒቲቲው ከረዘመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ ፋክተር 8 እና 9 ይለካ። ደሙ ሲቀዳ ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት፤ ከጎደለ ውጤቱ ይሳሳታል። ከተቀዳ በኋላ ቦታውን ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑለት።

አዋላጅ ነኝ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። እህትህ የት ነው የምትወልደው? ይኼ ነገር ከመውለዷ በፊት በእናቶች ካርዷ ላይ ይጻፍ። ለምን መሰለህ፣ ልጁ ሂሞፊሊያ ሊኖርበት ይችላል ከተባለ በመሳቢያ መሣሪያ፣ በቫኪዩምም ሆነ በፎርሴፕስ፣ አይጎተትም። ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል። እንደተወለደ ከእትብቱ ደም መውሰድ ይቻላል፤ ሕፃኑን መውጋት አያስፈልግም። ለሁሉም ሕፃን የሚሰጠው የቫይታሚን ኬ መርፌ ላይ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወስን፤ በአፍ ሊያደርገው ይችላል፣ ወይም በቀጭን መርፌ ሰጥቶ ያስጭናል። ቫይታሚኑ ግን አይቅር፤ እሱ ሲጎድልም ሕፃን ይደማል።

ውጤቱ ሳይመጣ ምላጭ ቤት እንዳይገባ። ደግሞ እሷንም እንዳትረሷት። ሰው ስለ ሕፃኑ ሲያስብ እናቲቱን ይረሳል። ተሸካሚ ሴት ራሷ ፋክተሯ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ፋክተር 8 ከፍ ይላል። ከወለደች በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ሆስፒታል ደህና ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ፣ በአራስነቷ፣ ሊደማት ይችላል። የወር አበባዋ እንዴት ነበር? ብዙ የሚፈሳት ከነበረ ይነገር።

የእነማይ ልጅ፦
ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደጀን ወረድኩ። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ልብስ ሸክፋ «እንሂድ» አለችኝ። ልጁን ይዘን አባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን። ሚኒባሱ ውስጥ እግሩን ጭኔ ላይ ዘርግቶ ነው የመጣው። ኤፒቲቲው ረዝሟል። ፋክተር 8 ከመቶ አንድ እጅ በታች። ጥቁር አንበሳ ክትትል ጀምሯል። የመጀመሪያውን ፋክተር በወሰደ በሁለተኛው ቀን «ጉልበቴ ዝም አለ» አለኝ። ዝም አለ ነው ያለው።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ። እህቴንና ባሏን አንድ ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው። እህቴ ዝም አለች። ባሏ የሞጣ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። ሰማኝ ሰማኝና «ታዲያ ይኼን ለመናገር ነው እንዲህ ጠቁረህ የመጣኸው? እኔ ሰው የሞተብን መስሎኝ» አለኝ። እህቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። የወር አበባዋን ጠየቅኋት፣ አፈርኩ፣ ግን ጠየቅኋት። ድሮም ብዙ ይፈሳት እንደነበርና እናቴ «የሴት ወጉ ነው» ትላት እንደነበር ነገረችኝ።

ለመውለድ እኔ ጋ ትመጣለች። ለእናቴ መሐላዬን እንዳፈረስኩ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችም። ዝም ብላ «ባሏ ምን አለ?» ነው ያለችኝ።

ጉልበተ ብርቱ፦
«ጉልበቴ ዝም አለ።» ያንን ልጅ ሳምልኝ። የሚደማን ጉልበት እንደዚህ አድርጎ የገለጸው ሰው አላየሁም።

የእነማይ ልጅ፦
ወለደች። ወንድ ነው። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በሰላም፣ ያለ መሣሪያ። ከእትብቱ ደም ተወስዷል።

ላብራቶሪስቱ (ባሕር ዳር)፦
እንኳን ማርያም ማረቻት! ፋክተር 8 ከእትብት ደም በደንብ ይለካል። ውጤቱን ንገረን።

የእነማይ ልጅ፦
ውጤቱ መጣ። አለበት። እንደ አክስቴ ልጅ፣ ከአንድ በታች።

ሐኪሟ ረጋ ብላ ነው የነገረችን። እህቴ ቀድማ ስላወቀች መሰለኝ አልወደቀችም። ጥያቄ ጽፋ ይዛ ነበር፣ በደብተር፣ 14 ጥያቄ። ክትባቱ በቀጭን መርፌ ይሰጥና አሥር ደቂቃ ይጫናል ተብለናል። ገራዥ አልተጠራም። የባሏ እናት ገንፎ ይዘው መጥተው ምንም አልጠየቁም። የነገራቸው ልጃቸው ነው አሉ። እንዴት እንደነገራቸው አላውቅም።

እናቴ አገር ቤት ናት፤ ለክርስትናው ትመጣለች። ከተወለደ ጀምሮ በየጠዋቱ ትደውላለች። ሌላ ወሬ የላትም፣ «ስንት ቀን ሆነው?» ነው የምትለኝ። ስምንተኛው ቀን ላይ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ዛሬ ጠዋት ደወለች።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ።»

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

የዳንግላዋ እናት፦
መዳህ ሲጀምር ጻፍልኝ። ሱሪው ጉልበት ላይ የሚሰፋውን ስፖንጅ እኔ እልካለሁ። ለልጄ ስሰፋ ስንቱን አበላሽቼ ነው ልኩን ያገኘሁት።